የሮም ባለጠጎች ቤትና የበረኛው ክፍል

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከኢስትሊ

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቪዛው ወጣልኝ። ልጄ ፍሬሕይወት በጣሊያን አገር፣ ኔፕልስ ከተማ፣ የጥንት ቤቶችን ግድግዳ መጠገን ትማራለች። ካየኋት ሦስት ዓመት ሆነኝ። የምሄደው ዐይኗን ለማየት ነው፤ ሌላም ጉዳይ ግን ይዣለሁ።

እዚህ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር በጨርቅ ንግድ የታወቀ አንድ ቤተሰብ ለልጁ ሽማግሌ ልኮብን ነበር። ልጁ ጨዋ ነው፤ ከፍሬም ጋር ይተዋወቃሉ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ጋሽ ደምሴ፣ "ትምህርቱን ትታ ዘንድሮ ትመጣለች ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። ሁለት ዓመት እንደሚቀራት አውቃለሁ። ቢሆንም ቤቱ ጭር ብሎብኛል። "ልጄ ከቃሌ አትወጣም" አልኳቸው፤ እሷን ሳልጠይቅ። ስመለስ ቁርጡን ልነግራቸው ተቀጣጠርን።

ጎረቤቴ በመኪናው ኢምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰኝ። ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ አለ። ፈታሹ የበርበሬውን ፌስታል ፈታና ደጋግሞ አስነጠሰ። "ፖሌ ሳና" አልኩት፤ በስዋሂሊ በጣም ይቅርታ ማለት ነው። ሳቀና ራሱ መልሶ ቋጠረው።

ረቡዕ፣ ኔፕልስ

በአዲስ አበባ በኩል ሮም፣ ከሮም በፈጣን ባቡር ኔፕልስ ገባሁ። ፍሬ ጣቢያው ላይ ሮጣ አቀፈችኝ። ከስታለች። እጇ እንደ ግንበኛ እጅ ሻክሯል። ሁለታችንም አለቀስን።

የጾም ቀን ስለሆነ ምን እበላለሁ ብዬ ሰግቼ ነበር።

"ማሚ፣ አታስቢ። እዚህ ያለ ቺዝ የሚጋገር ፒዛ አለ።"

እውነትም ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ነው፤ ስድስት ዩሮ። ጾም የማያውቅ ሕዝብ የጾም ምግብ ይሠራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የሽማግሌዎቹን ነገር ልነግራት ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ሁለቱንም ጊዜ ፒዛ ጎረስኩበት።

ሐሙስ ጠዋት፣ ኤርኮላኖ

ፍሬ የምትሠራበት ቦታ ኤርኮላኖ ይባላል። ከኔፕልስ በሕዝብ ባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ገደማ የቪዙቪየስ ተራራ እሳት ተፍቶ ያኔ የሮማውያን የነበረችውን ከተማ ቀበራት። አሁን ተቆፍራ ወጥታለች። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያዩዋት ከላይ ሆነው፣ እንደ ትልቅ ጉድጓድ ቁልቁል ነው። በጉድጓዱ ጫፍ የዛሬ ሰዎች ፎቅ ቆሟል፤ በረንዳው ላይ አንሶላና ካልሲ ተሰጥቷል። ኢስትሊን መሰለኝ።

ቁልቁል ወረድን። መንገዱ ትልልቅ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። ከሰል የሆነ የእንጨት በር ቆሞ አየሁ፤ ከሰል የሆነ አልጋም አየሁ። የባለጠጎቹ ቤት ሲገቡ መሐሉ ጣሪያው ክፍት ነው፤ ዝናቡ ከሥሩ ባለ ገንዳ ይጠራቀማል። ወለሉ በጥቃቅን ባለ ቀለም ጠጠር የተለበጠ ነው። የእንግዳ መመገቢያው ግድግዳ ቀይና ቢጫ ሆኖ፣ ወፍና ፍራፍሬ ተስሎበታል። ማድ ቤታቸው ግን ጠባብ ነው፤ ሽንት ቤቱም እዚያው አጠገቡ። በሰው ማድ ቤት ስለኖርኩ ይህ ዐይኔን ያዘው።

አንዱ ቤት ውስጥ ግድግዳው ላይ እንደ ትንሽ ቤተ መቅደስ የተሠራ ነገር አለ፤ ውስጡ ሥዕል አለበት። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ጎንበስ ብዬ ተሳለምኩ።

"ሲኞራ! ሲኞራ!" በጣሊያንኛ እሜቴ፣ እሜቴ እያለች ጠባቂዋ ሮጣ መጣች።

ፍሬ በሳቅ ፈረሰች። "ማሚ! ጣዖት እኮ ነው የተሳለምሽው! የቤታቸው አማልክት ናቸው።"

"በስመ አብ! ቀድመሽ አትነግሪኝም?"

"መቼ ጊዜ ሰጠሽኝ?"

አማተብኩ። ፈጣሪ የማላውቀውን ይቅር ይበለኝ። ጠባቂዋም ነገሩ ሲገባት ሳቀች።

ከዚያ ፍሬ ገመዱን አልፋ ወደ ሥራዋ ቦታ አስገባችኝ። አስቀድማ አስፈቅዳልኝ ነበር። በሩ ሥር ያለች መስኮት የሌላት ክፍል ናት፤ የበረኛው ክፍል። ባሪያ ነበር አለችኝ። ሥዕል የለም። ግድግዳው ላይ የኩራዝ ጥላሸት ብቻ አለ። ተንበርክካ በትንሽ ብሩሽ በዙሪያው ትጠርግ ጀመር።

"ጥላሸቱን አታጥቢውም?" አልኳት።

"አይ፣ የምናድነው እሱን ነው። ሰውየው ስሙ እንኳን አልተጻፈም። የተወው ይሄን ብቻ ነው።"

እኔ ዕድሜዬን ጥላሸት ስፍቅ የኖርኩ ሰው ነኝ።

"ላቪንግተን የነበረችው ክፍላችን ትዝ ትልሻለች?" አለችኝ ሳትዞር።

ናይሮቢ እንደ ገባን ሀብታም ቤት ተቀጥሬ፣ ከጋራዡ ጀርባ ባለች ክፍል እኔና እሷ አራት ዓመት ተኝተናል። ሕፃን ስለነበረች ረስታዋለች ብዬ ነበር።

"ይቺ የበረኛው ክፍል ስትደርሰኝ ባለ ሥዕሉ ስላልደረሰኝ ጓደኞቼ አዘኑልኝ። እኔ ግን ለምኜ ነው የወሰድኳት።"

ያኔ የሽማግሌዎቹን ነገር ነገርኳት። ብሩሿን አስቀመጠች።

"ከቃሌ አትወጣም አልሻቸው?"

"አልኳቸው።"

"ሳትጠይቂኝ?"

"ሳልጠይቅሽ።"

እጇን ጨርቅ ላይ ጠረገች። "ልጁን አልጠላውም። አሁን ግን አልፈልግም። ነይ ካልሽኝ ግን እመጣለሁ ማሚ፤ ታውቂያለሽ።"

አውቃለሁ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቃል ከአፌ ቢወጣ ዕቃዋን ትሰበስባለች። ያቺን ጨለማ ክፍል አየሁ፤ የልጄን ጉልበት አየሁ፤ አቧራ ብቻ ነው።

"ሥራሽን ጨርሺ" አልኳት።

"ይሄ ዛሬ የሚያልቅ መሰለሽ? ይቺ ግድግዳ ብቻ ዓመት ትፈጃለች።"

"ዓመቱን ነው የምልሽ።"

ሰኞ፣ ኢስትሊ

ትናንት በሰላም ገባሁ። ዛሬ ጋሽ ደምሴ ብቻቸውን መጡ። ሻይ አቀረብኩ።

"እንግዲህ የፍሬ እናት፣ ምን ይዘሽልን መጣሽ?"

"ይቅርታ ነው የያዝኩት፣ ጋሽ ደምሴ። ሳልጠይቃት በስሟ ቃል ሰጠሁ። ትምህርቷን ሳትጨርስ አትመጣም። ልጁንም ጠብቅ አልለውም፤ እግዚአብሔር የምትሆነውን ይስጠው።"

ፊታቸው ጠቆረ። "ስንቱ የሚመኘውን ቤት፣ ለግድግዳ ብላ?"

ሰድበውኝ ቢሄዱም አይፈረድባቸውም ነበር።

"ለመሆኑ የማን ግድግዳ ነው?" አሉ በመጨረሻ።

ነገርኳቸው። ስለ ሳሎኑ ሳይሆን ስለ በረኛው ክፍል፣ ስለ ኩራዙም።

"አላጠበችውም ነው የምትይኝ?"

"አላጠበችውም።"

"እኔ እዚህ አገር ስገባ ዘበኛ ነበርኩ" አሉ። "በር ሥር፣ በፋኖስ፣ ስድስት ዓመት። ልጆቼ አያውቁም።"

ሻያቸውን ጨርሰው ተነሡ። "ለልጁ አባት እኔ እነግርልሻለሁ" አሉኝና ወጡ።

የሮም ባለጠጎች ሳሎን ያምራል፤ ዕድሉን ያገኘ ሄዶ ይየው። እኔ የተማርኩት ግን በልጅ ስም ቃል ከመስጠት በፊት ልጅን መጠየቅ እንደሚገባ ነው። ዘግይቼ ተማርኩት። ሳይረፍድብኝ ስለሆነ ተመስገን።