እያወቀ የሚሳሳተው ሰውዬ

ቡታጅራ፣ በፈትሂያ ኢንተርኔት ቤት፣ በገበያ ቀን ሁሉ ኮቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰውዬ ይመጣል። ብሎጉን ከፍቶ «ሰውዲ»፣ «እንሰኖ» እያለ ይሞላዋል። ፈትሂያ ለጎረቤት ስታወራ እንደሱ አፏን አሹላ፣ አንገቷን ቀብራ ታስቃለች።

አንድ ቀን አላስቻላትም። «ኧረ ጋሼ! የአገርዎን ስም፣ እንሴኖን እንኳን መጻፍ አቃተዎት? ወላሂ ያሳፍራል!»

«ልጄ ናት እንዲህ የምትጽፈው» አላት፣ ዞር ሳይል። «ጅዳ ገብታ ድምጿ ጠፋ። ጎግል ላይ አገሯን ስትፈልግ እኔ ጋ እንድትመጣ ነው።»

«ውይ! ምነው ታዲያ በደንብ ቢያስተምሯት?»

«ከአራተኛ ክፍል ያስቀረኋት እኔ ነኝ።»

ፈትሂያ ሳቋን ዋጠችና ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። ከጽሑፉ ስር ካሉት አስተያየቶች እንደሚታየው፣ ብሎጉን ያገኙት ሴቶች ብዙ ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ሰውዲ እንዴት ነው የሚኬደው?»