ሩሯን መለጋት ወይስ መንዳት

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን ያደረግነው ተራ ነገር ጭረት ማስመር ነው። የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር። ቢቸና፣ ከከተማው ዳር ካለው ሜዳ፣ እሱ በርጩማ ላይ፣ እኔ አጎዛ ላይ ተቀምጠን የገና ጨዋታ እናይ ነበር። እናይ ነበር ስል ሰው ሁሉ እንደሚያየው አይደለም። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ወንዶች ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው ያቺን የእንጨት ሩር ያሳድዳሉ፤ ሕዝቡ ይጨፍራል፣ ይሰዳደባል፤ እኛ እንጽፋለን።

የምንጽፈው ይህን ነበር። ሩሯ የሜዳውን አጋማሽ አልፋ ወደ ተጋጣሚ ክልል ስትገባ፣ ከሩቅ ተለግታ ከሆነ እኔ አንድ ጭረት አሰምራለሁ። አንዱ ተጫዋች በዱላው እየነዳ ካስገባት እሱ ያሰምራል። ከገባች በኋላ ለግብ ከተሞከረች በጭረቱ ዙሪያ ክብ እናደርጋለን። ካልተሞከረች ጭረቱ እንዲሁ ይቀራል። ማን እንዳሸነፈ ሰው ሲጠይቀው ባለቤቴ "አላየሁም፤ እየቆጠርኩ ነበር" ይል ነበር። እውነቱን ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሞጣ ነው። ባለቤቴ ቢቸና ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ያስተምር ነበር፤ እኔ የሞጣ ልጅ ነኝ፤ አንደኛ ደረጃ አማርኛ አስተምራለሁ። እናቴን ልንጠይቅ ሄደን ሻይ ለመጠጣት አንድ ሆቴል ገባን። ዲሽ አስገብተዋል። ሰው ሁሉ የእንግሊዝ ኳስ እስኪጀምር ይጠብቃል። ቴሌቪዥኑ ላይ እንደ ፍራሽ የተጠቀለሉ ሰዎች በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ አንዲት ጥቁር ጠፍጣፋ ነገር በዱላ ይመታሉ።

"ይሄማ ገና ነው" አለ ባለቤቴ።

"በበረዶ ላይ ምን ገና አለ፣ መምህር?" አለ አስተናጋጁ። ሊቀይረው ሪሞቱን አነሣ።

"ተወው! እየቆጠርኩ ነው።"

"ኳሱ ጀምሯል እኮ! እኒህን ሰውዬ ወይ አስወጧቸው ወይ በረዶ ስጧቸው!" አለ አንዱ ከኋላ።

ከዚያ ወዲህ ሞጣ በሄድን ቁጥር ኳስ ከመጀመሩ በፊት ሆቴሉ ይደርሳል። በረዶ ላይ ያሉት ሰዎች ያቺን ጥቁር ነገር አንዳንዴ ዝም ብለው ወደ ተጋጣሚ ክልል ልከው ይከተሏታል፤ አንዳንዴ ራሳቸው ይዘዋት ይገባሉ። በእሱ ቆጠራ፣ ይዘዋት ሲገቡ ለግብ የሚሞከረው ይበልጣል። የእኛ አገር ሰው ግን የሚያደንቀው ከሩቅ የሚለጋውን ነው። እልልታውም ለእሱ ነው። ሩሯን እየነዳ የሚሄደው "ጥጃ ነጂ" ይባላል።

የእኛ የታች ሰፈር ተጫዋቾች አለቃ አናጢ ነው። ዱላዎቹን የሚሠራው እሱ ነው፤ በመለጋትም የታወቀ ነው። ባለቤቴ የበረዶውን ነገር ሲያስረዳው በትዕግሥት ሰማውና "እኛ እኮ በረዶ የለንም፣ መምህር" አለው። ባለቤቴ ግን አልተወውም። በመጨረሻ አናጢው "የስድስት ገና ቆጠራ ያምጡልኝ፤ መንዳት ይሻላል ካለ አንድ ገና እንደ ቆጠራው እንጫወታለን" አለው። ባለቤቴ ከዚያ በላይ የፈለገው ነገር አልነበረም።

ስድስተኛው ያ የመጨረሻው ገና ነበር። ሳይደምረው፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሞተ። ጉበቱ ነው አሉ። የቆየ ነው አሉ።

እኔ ደመርኩት። በአምስቱ ገና መንዳት በጥቂት ይበልጣል። ስድስተኛው ገጽ ሲጨመር መለጋት ይበልጣል። በዚያ ገጽ ላይ፣ ከጨዋታው እኩሌታ ወዲህ ባሉት በእሱ ጭረቶች ዙሪያ አንድም ክብ የለም። ክብ ለማድረግ ቀና ብሎ ማየት ያስፈልጋል። እሱ በዚያን ሰዓት አንገቱን ደፍቶ በሕዝቡ ጩኸት እየገመተ ያሰምር ነበር። አይቼዋለሁ። የበረደው መስሎኝ ጋቢዬን ደረብኩለትና ወደ ጭረቴ ተመለስኩ።

ስለዚህ ገጹ መውጣት አለበት። ነገር ግን ሲወጣ ባለቤቴ ክርክሩን ያሸንፋል፤ ምስክሩ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ደስ ያላለንን ገጽ ማውጣት በእሱ ዘንድ ነውር ነበር። አንዲት ጭረት በግምት ጨምሬ ሁለት ቀን አኩርፎኛል።

በዓመቱ ታኅሣሥ ላይ አናጢው እኔ ቤት ድረስ መጣ።

"እትዬ፣ ቆጠራው ምን አለ?"

"ይህ ገጽ ከገባ መለጋት ይሻላል። ከወጣ መንዳት ይሻላል፤ በጥቂት።"

"ለምን ይወጣል?"

"አያይም ነበር። አንገቱን ደፍቶ ነው የጻፈው።"

"ማን አየው?"

"እኔ።"

"ታዲያ ምነው፣ ምን ሆነሃል ሳይሉት?"

"እየቆጠርኩ ነበር።"

ለክፋት አልነበረም የጠየቀው። ወዲያው መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ገጹን ላሳየው ብዘረጋለትም አልተቀበለኝም።

"ይውጣ" አለ። "እንነዳታለን። ጥጃ ነጂ ይሉናል፤ ይበሉና።"

በዚያ ገና ታች ሰፈር ሩሯን ነዳ። ተሸነፈ። ላይ ሰፈሮች "እምቧ!" እያሉ ከተማውን ዞሩ፤ አናጢው ደጃፍ ላይ ደግሞ አንድ እስር ሣር ጣሉለት። በማግሥቱ መጣና "አንድ ጨዋታ ምንም አያሳይም፣ አይደል እትዬ?" አለኝ። ምንም አያሳይም አልኩት። ባለቤቴም ቢኖር ይህንኑ ይለው ነበር። ቢያሸንፉም ይህንኑ ይለው ነበር።

ገጹን አልቀደድኩትም። ከላዩ "ከእኩሌታው በኋላ ቆጣሪው ታሞ ነበር" ብዬ ጻፍኩበት።

አሁንም በየገናው ሜዳ እወርዳለሁ። የሚለጉትን እኔ እቆጥራለሁ፤ የሚነዱትን አንዲት የትምህርት ቤታችን መምህርት ትቆጥራለች። አንገቷን ከደፋች እርሳሴን አስቀምጬ ምን ሆነሽ ነው እላታለሁ።