በትብለጥ ላይ የጣልኩት ቃል

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። «ሌላስ?» ባሉኝ ቁጥር ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን እደረድርና ይችን እዘላታለሁ። ለእናንተ ግን ልናገራት።

በደርግ ጊዜ፣ በድርቁ ዘመን፣ መተማ ቆላ፣ ሸሕዲ ነበርን። እስከ አራተኛ ክፍል ስለተማርኩ የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ አድርገውኛል። አንድ ቀን ስልክ ቤት ተጠራሁ። ደዋዩ «ከአዲስ አበባ ነው፤ ከእርዳታ ቢሮ» አለኝ። ለተራበው ወገን ማሽላ ሰብስቡ፣ ነገ መኪና ይመጣል፣ ደረሰኝ አትጠይቁ አለ። ከጀርባው ግን የመኪና ረዳት ወደ እኛው ቆላ ከተማ፣ «አብደራፊ! የቀረ አብደራፊ!» እያለ ሲጣራ ሰማሁ።

ስልኩን ዘጋሁና ተራ ወደሚጠብቀው ሰው ዞሬ፣ «አዲስ አበባ ላይ ለአብደራፊ ሰው ይጭናሉ እንዴ? ሌባ ነው፤ አንዲት ጣሳ እንዳትሰጡ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ሰዉ ሳቀ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው ጎረቤቴ ትብለጥ ነበረች፤ ከወሎ መጥታ ለሰሊጥ አጫጆች ወጥ የምትሠራ ሴት።

«እንግዲያ መንገዱን አሳጥረውታላ፣ እትዬ!» አለችኝ።

በማግስቱ መኪናው መጥቶ ባዶውን ተመለሰ። ወዲያው የቀበሌው ሊቀመንበር ቤቴ ደረሰ። ከደዋዩ ጋር ይሻረክ አይሻረክ ዛሬም አላውቅም።

«ለተራበ ሕዝብ የሚሰጠውን ያስከለከለ ጸረ ሕዝብ አለ። ማነው?» አለኝ። ዓይኑ እኔ ላይ አልነበረም፤ ደጅ እንጨት የሚፈልጠው ልጄ ላይ ነበር። «ልጅሽ ለውትድርና ደርሷል መሰል።»

«ትብለጥ ናት» አልኩ።

ለምን እሷን? ፈርቼ ነው ልበል? የፈራ ሰው ዝም ይላል። እኔ ግን መርጬአለሁ። የአገሩን ሰው ብጠራ ዘመዱ ይነሣብኛል ብዬ፣ ጠያቂ የሌላትን መረጥኩ። የተራበው እኮ የእሷ ወገን ነበር! በስልክ ቤት የሰማኝ ሰውም ሁሉ አፉን ያዘ።

የቀበሌው ጠባቂዎች ሲወስዷት በደጄ አለፉ። ያን ቃል የተናገረው ማን እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ጣቷን ብትቀስርብኝ አብቅቶልኝ ነበር። እሷ ግን፣ «እትዬ፣ ድስቱ እሳት ላይ ነው፤ እንዳያርብኝ ያውርዱልኝ። አጫጆቹ ርቧቸው ይመጣሉ» አለችኝ።

ድስቱን አወረድኩ። አጫጆቹ ሲመጡም እኔው አቀረብኩላቸው። «ትብለጥ የት ሄደች?» ሲሉኝ፣ «እኔ ምን አውቄ» አልኩ።

አልተመለሰችም። የት እንደወደቀች የነገረኝ የለም፤ እኔም ሄጄ አልጠየቅሁም። ልጄ ግን አልዘመተም፤ አግብቶ ወልዷል። ልጆቹን ታቅፌ ተመስገን እላለሁ። ያ ሊቀመንበር ዛሬ ተመልሶ ደጄ ላይ ቢቆም፣ ልጄንም ቢያይብኝ፣ ሌላ መልስ እሰጠው ይሆን? ማይ ብትሉኝ አልምልም። ስለዚህ ይቅር በሉኝ ለማለት አፌ አይደፍርም።