ጠረጴዛውን አትንኩ

የኖርማን ሆልሮይድ ቤትና የኔ ቤት የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው። እንግሊዝ አገር፣ በሃሊፋክስ ከተማ የድሮ የሠራተኛ ቤቶች እንዲህ ናቸው፤ ጎረቤት ሲያስነጥሰው ከዚህ ማዶ ሆኖ ይማርህ ማለት ይቻላል። ከኖርማን ቤት ግን ማስነጠስም አይሰማም። ሚስታቸው ብሬንዳ ከሞተች ወዲህ ያ ግድግዳ ዝም ብሏል። እኔ ሐበሻዋ ደግሞ ጸጥታ ሲበዛ ያናድደኛል፤ ስለዚህ በሆነ ባልሆነው ሰበብ በራቸውን አንኳኳለሁ።

ከጡረታ በኋላ የያዙት ሥራ ለአሮጌ ኮምፒውተር ሚሞሪ መጨመር ነው። በነሱ ጉብዝና ጊዜ ቤት ቤት የገባችው፣ ከቴሌቪዥን ጋር የምትያያዘው፣ ከመጽሐፍ የማትበልጠው ጥቁር ኮምፒውተር። ሚሞሪዋ ከማነሱ የተነሳ አንድ ገጽ ጽሑፍ እንኳ በቅጡ አትይዝም። ብዙ እንድትይዝ ከጀርባዋ ሌላ የሚሞሪ ሣጥን ይሰካባታል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ ሣጥኑ ጠበቅ ብሎ አይቀመጥም፣ ይወላገዳል። ጠረጴዛው ትንሽ ከተነቃነቀ ምስሉ ጥፍት ይላል፣ የተጻፈው ሁሉ ድራሹ አይገኝም። በዚያ ዘመን እዚህ ልጅ የነበረ ሰው ሁሉ «ጠረጴዛውን አትንኩ!» የሚለውን የአባት ጩኸት ያውቀዋል። አንዱ ሣጥኑን በላስቲክ ያስረው ነበር፣ ሌላው በማስቲካ ያጣብቀው ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ እነዚያ የያኔ አባቶች፣ የዛሬ ሽማግሌዎች ኮምፒውተሮቻቸውን በፎጣ ጠቅልለው የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ኖርማን ይፈቱላቸውና ሚሞሪውን እዚያው በየኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ይበይዱላቸዋል። ከዚያ ወዲያ ሣጥን የለ፣ መወላገድ የለ። አንድ ቀን እኔም አብሬያቸው ሄጄ ነበር።

«ኖርማን፣ አንተ ባትኖር ሚስቴ ወይ እኔን ወይ ይችን ትጥል ነበር» አላቸው ኬነዝ የሚባል የቀድሞ አውቶቡስ ነጂ።

«አንተን ነው እንጂ የምትጥለው» አሉት ቀና ሳይሉ። «ይቺስ ትሠራለች።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሲመሽ ሁሉም ወደየሚስቱ፣ ወደየልጅ ልጁ ሄደ። ኖርማን የመሣሪያ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ብቻቸውን እንዳይቆሙ እኔ አብሬያቸው ቆምኩ። እንዲያ ያሳቁት ሰውዬ እቤት እስክንደርስ በአውቶቡሱ መስኮት ውጭ ውጭውን ሲያዩ ቆዩ።

የገረመኝ ነገር ግን ሌላ ነው። የአገሩን ሁሉ ኮምፒውተር ሲበይዱ የራሳቸው ኮምፒውተር ያው የሚወላገደው ሣጥን ከጀርባዋ ተሰክቶባት ሳሎን ተቀምጣ ነበር። ምላሴ አላርፍ ብሎኝ ጠየቅኋቸው።

«ለምን እበይዳታለሁ?» አሉ። «ማን አለና ነው የሚነቀንቃት?»

ከዚያ ነው ታሪኩን የነገሩኝ። ይሠሩበት የነበረው የምንጣፍ ፋብሪካ ተዘግቶ ሥራ ፈት ሆነው በተቀመጡበት የብርድ ወራት በኮምፒውተሯ የባቡር ጨዋታ እየሠሩ ነበር፤ ለኮምፒውተር መጽሔት ሊሸጡትና ከሥራ ፈትነት ሊወጡበት። የጻፉትን በየጊዜው ካሴት ቴፕ ላይ መቅዳት ነበረባቸው። የቴፑን ሽቦ ሲሰኩ ግን ኮምፒውተሯ መነቃነቋ አይቀርም፣ ከተነቃነቀች ደግሞ ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ እንዳይጠፋ ብለው ሳይቀዱት ቀሩ። ለቀናት ሳያጠፏት፣ ቤተሰቡ በሙሉ በእግሩ ጣት እየተራመደ፣ ሥራው ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር። ያን ጊዜ ትንሿ ልጃቸው ጁዲት ከትምህርት ቤት እየሮጠች ገባች። «አባዬ! አባዬ!» እያለች መጥታ ከጠረጴዛው ጋር ተላተመች።

«ጠፋ» አሉኝ ኖርማን። «ሁሉም።»

«እሷንስ ምን አሏት?»

«እንደ ሰው መራመድ ካልቻልሽ እዚህ ቤት አትግቢ አልኳት።» እጃቸውን አዩ። «ፀጉሯ እርጥብ ነበር። ዝናብ እኮ አልነበረም። ምን ልትነግረኝ እንደመጣች አልጠየቅኳትም። በኋላ ልጠይቃት ስል ቀን ቀንን እየወለደ እንዲሁ ቀረ።»

ጁዲት ዛሬ ራሷ ልጆች ያደረሰች ሴት ናት፣ የምትኖረው ሩቅ፣ ብሪስቶል ከተማ ነው። ለገና ካርድ ትልካለች። ስትመጣም ለሰዓት ያህል ቁጭ ብላ ትሄዳለች። በደል የለ፣ ጠብ የለ። ዝም ብሎ ብርድ ነው።

በጸደይ ልትመጣ ነው የሚል ወሬ ሲደርሳቸው ኖርማን የራሳቸውን ኮምፒውተር ፈቱ። መብራቱን እኔ ያዝኩላቸው። ሚሞሪው ከውስጥ ተበየደ፣ ሣጥኑ ተነቀለ። ያንን የጠፋ የባቡር ጨዋታ ከዓመታት በኋላ እንደገና ጽፈውት ነበርና ከቴፕ ጫኑት። ትንሿ ባቡር ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ አለች።

«ምቺው!» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ጠረጴዛውን ነዋ! በጡጫ!»

መታሁት። የሻይ ሲኒው ዘለለ፣ ባቡሯ ግን ንቅንቅ አላለችም። ኖርማን እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

«ጁዲት ስትመጣ እንዲህ እንድትመታው ነው የምፈልገው» አሉ። «ያኔ ይገባታል።»

«ይቅርታ ብለው በአፍዎ አይነግሯትም?»

«ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ? በምን አፌ?»

«ሻይ በሚጠጡበት!» አልኳቸው። ተናደድኩ፤ ይህ ሕዝብ አንዲት ቃል ላለመናገር ኮምፒውተር ይበይዳል። ሳቁብኝ።

ጁዲት እሑድ ከሰዓት መጣች። ኖርማን እኔንም ጠርተውኛል፤ ከልጃቸው ጋር ብቻቸውን መቀመጥ ፈርተው ነው። ጫማዋን በር ላይ አወለቀችና ምንጣፉን በእግር ጣቶቿ እየረገጠች ገባች። ወንበሩን ሳታንኳኳ ወደ ኋላ ሳበች። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ከጠረጴዛው ራቅ ብላ ተቀመጠች። ነጭ ፀጉር ጣል ጣል ያደረገባት ሴት ገና እንደ ተቆጧት ልጅ ስትቀመጥ አየሁ።

ኖርማን የዝንጅብል ኬክ ቆረሱ፣ ሻይ ቀዱ፣ ስለ መንገዱ ጠየቁ። ከዚያ ባቡሯ ወዳለችበት ቴሌቪዥን አመለከቱ።

«ጁዲት፣ እስቲ ጠረጴዛውን ምቺው።»

«ምን?»

«ምቺው። ምንም አይሆንም።»

ባቡሯን አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ደም ሸሸ። «ተወው አባዬ።»

«ከውስጥ በይጄዋለሁ እኮ። አይጠፋም።»

«ጎበዝ፣ ጥሩ ሠርተሃል» አለችና እጆቿን ይበልጥ ሰበሰበች። ስለ ልጆቿ ጥቂት አወራችልን። ከዚያ መንገዱ ረጅም ነው ብላ ተነሣች። በሩን ስትዘጋው መቀርቀሪያውን በጣቷ ይዛ ነው፤ ቀጭ እንኳ አላለም። ኖርማን ኬኩን እያዩ ቀሩ።

ሮጬ መኪናው ጋ ደረስኩባት።

«አንቺ ሴት፣ በአባትሽ ቤት እንደ ሌባ የምትራመጂው ምን ሆነሽ ነው?»

«ልማድ ነው» አለች ቁልፏን እየፈለገች።

«ሰውዬው ያችን ኮምፒውተር የበየዷት እኮ እንደልብሽ እንድትሮጪ ነው። ይቅርታ ማለታቸው ነው፤ በሰው ቋንቋ አልወጣ ብሏቸው!»

ቁልፏን መፈለግ ተወች። ዓይኗ ሞላ። «እንዲያው በአፉ ቢናገረው ምን ነበረበት» አለች። ቀጥላም «ሻርፔን ረስቻለሁ» ብላ ተመለሰች። ሻርፑ አንገቷ ላይ ነበር።

እኔ ወደ ቤቴ ገባሁ። ግድግዳው ማዶ ዝቅ ያለ ድምፅ ሰማሁ፣ የሷ ነው። ምን እንደምትል አይለይም። ከዚያ ኮቴዋን ሰማሁ፤ በሙሉ ተረከዝ፣ ወለሉን እየደበደበ። ከዚያም የውጭው በር ጓ! ብሎ ተዘጋ። መደርደሪያዬ ላይ ያሉት ሲኒዎች ተንጫጩ። መኪናዋ ተነሥታ ሄደች።

ወደ ማዶ ቤት ስገባ ኖርማን ጠረጴዛው ፊት ተቀምጠዋል። ባቡሯ እንዳለች አለች። ጉንጫቸው ርሷል፣ ሊጠርጉትም አልሞከሩም።

«ሰማሽ?» አሉኝ።

«መንደሩ በሙሉ ሰምቷል።»

«ዋኝታ ነበር» አሉ። «ያን ቀን። የመዋኛውን ገንዳ ከዳር እስከ ዳር፣ ማንም ሳይይዛት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። እሱን ልትነግረኝ ነበር የሮጠችው።» ዓይናቸውን ወደ ባቡሯ መለሱ። «ዛሬ ጎሽ አልኳት። አሁን እኮ መዋኘት ትታለች፤ ጉልበቷን ያማታል።»

መቼ ልትመለስ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አላወቁም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ እሷም ሥራ አላት። ሻዩ ቀዝቅዞ ስለነበር ሌላ አፈላሁላቸውና ጠጣን። ልሄድ ስነሣ ጠሩኝ።

«እህት ዓለም፣ ስትወጪ እንደ ጁዲት በሩን ጓ አድርገሽ ዝጊው።»

ባለ በሌለ ኃይሌ ወረወርኩት። ቤቴ ገብቼ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ከማዶ እንደ ድሮው ምንም አይሰማም ነበር።