ያልጎተትኩት ገመድ

ባለፈው ሳምንት ከባጃጅ ወርጄ ወደ ገበያ ሳዘግም አንድ ዘይት ቤት ኑግ ይቆላ ነበር። ሌላውን ሰው ሽታው ምሳ ያስመኘው ይሆናል፤ እኔን ግን እግሬን ያዘኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ያን መንገድ ዞሬ ነበር የማልፈው። ያን ዕለት ዘነጋሁ።

እሳት አደጋ መከላከል የተቀጠርኩት ጢሜ እንኳ በወጉ ሳይበቅል ነው። ደብረ ታቦር ያኔ የነበራት አንዲት አሮጌ ቦቴ ነበረች፤ ዳገት ላይ ስታቃስት እግረኛ ይቀድማታል። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ደሴ ናቸው። ጭስ ውስጥ የሚገባ ሰው ወገቡን በገመድ ይታሰራል፤ ጫፉን የያዘው በር ላይ ይቆያል። አንድ ጊዜ መጎተት «ደህና ነህ?» ማለት ነው፤ ሦስት ጊዜ ደግሞ «ውጣ»። በሶአችንን እየበጠበጡ ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር።

«ሦስቴ ከጎተትክ ጥያቄ የለም፤ እኔም ብሆን እወጣለሁ። አለቃው ገመዱን የያዘው ነው። ሰማኸኝ?»

«ሰማሁ ጋሼ» እላለሁ። መስማት ምን ያቅታል!

ወሩ ሚያዝያ ነበር፤ ከጉና በኩል የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ቆርቆሮውን ሁሉ ያንኳኳል። ከቀትር በኋላ የአንድ ነጋዴ የኑግ መጋዘን ተያያዘ። ገና ከመኪና ሳንወርድ ነጋዴው «ዘበኛው ውስጥ ተኝቷል!» እያለ ጮኸ። ጋሼ ደሴ እርጥብ ብርድ ልብስ ተከናንበው ገቡ፤ እኔ ገመዱን ይዤ በር ላይ ቀረሁ።

ብዙም ሳይቆይ ዘበኛው ከጠላ ቤት እየሮጠ መጣ። «ኧረ ይኸው፣ ደህና ነው!» አለ ሕዝቡ። ቀና ብዬ ሳይ ጣሪያው መሐሉ ላይ ጎብጧል፤ እንጨቱ ይንጣጣል። ማድረግ ያለብኝን አውቅ ነበር። ግን አንድ ጊዜ ብቻ ጎተትኩ። እሳቸውም አንድ ጊዜ ጎትተው መለሱልኝ።

ሾፌራችን «ምን ትጠብቃለህ? አስወጣቸው እንጂ!» አለኝ።

«ደህና ነኝ ብለዋል» አልኩት።

እውነቱን ልናገርና፣ አፈርኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አባቴ የሚሆኑትን ሰው እንደ በሬ በገመድ ልጎትት? እሳቸው ያውቃሉ፣ ሲጨርሱ ይወጣሉ ብዬ ቆምኩ። ጣሪያው ወረደ። ከዚያማ እጄ እስኪላጥ ጎተትኩ፤ የመጣልኝ የተቃጠለ ጫፍ ብቻ ነበር።

አክብሮት ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬ ነበር። አክብሮት ቢሆን ኖሮ ያስተማሩኝን አደርግ ነበር።

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ዛሬም አሉ። በየዓመቱ በጋሼ መታሰቢያ ቀን እሄዳለሁ፤ እትዬም ከዘመድ ሁሉ አስቀድመው ያስቀምጡኛል። «ገመዱን እስከ መጨረሻው ያልለቀቀ ይህ ልጅ ነው» ይሏቸዋል እንግዶቹን። ስልሳ ዓመት አልፎኝም ልጅ ነኝ። ዘንድሮ ልነግራቸው ቆርጬ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ያን ቀን እኮ እኔ...» ስል አቋረጡኝ።

«ተወው ልጄ፣ አትጨነቅ። እሳቸው እንደሁ 'እሱ በር ላይ ካለልኝ አልፈራም' ይሉኝ ነበር» አሉና ጉርሻ ዘረጉልኝ።

አፌን ከፍቼ ተቀበልኩ።