ሆጃ ያልጠጣንበት ጾም

አንድ ወላጅ ጠዋት በትምህርት ቤት በር ላይ ብልቃጥ አስጨብጧችሁ፣ «በእረፍት ሰዓት አንድ ማንኪያ ስጡልኝ» ብሎ በመጣበት ባጃጅ ተሰውሮባችሁ ያውቃል? አስተማሪ ከሆናችሁ ሳያጋጥማችሁ አልቀረም። አስተማሪ ባትሆኑም የእህታችሁን ልጅ ለጥቂት ቀን ተቀብላችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም። ብልቃጡ አይከብድም። የሚከብደው አብሮት የሚመጣው ሰዓት ነው።

ባለፈው ሰኞ እኔን አጋጠመኝ። ጭሮ ማለዳ ላይ ትበርዳለች፤ ጉም ከተራራው ገና አልወረደም ነበር። አንድ አባት የቫይታሚን ሽሮፕ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝና ሄደ። መምህራን ክፍል ገብቼ ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ቀኑ ሳይጀመር ደክሞኝ ነበር። በዚያው የድሮ ተማሪዬ ኢክራም ትዝ አለችኝ።

ያኔ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሁሉ ነገር ቦታ ቦታውን ካልያዘ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጠመኔውን ነጩን ለብቻ፣ ባለቀለሙን ለብቻ በቆርቆሮ አድርጌ መስኮቱ ሥር አስቀምጥ ነበር። አንድ ሰሞን ነጩ ማነስ ጀመረ። ልጆቹ አጥር ላይ ሊጽፉበት እየወሰዱት ነው ብዬ ስለ ንብረት አያያዝ ረጅም ማብራሪያ ሰጠኋቸው። በጸጥታ አዳመጡኝ፤ ጠመኔው ግን ማነሱን አልተወም። አንድ ቀን ከደወል በኋላ የረሳሁትን ጃንጥላ ልወስድ ስመለስ፣ ኢክራም የኋላ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ እንደ ስኳር ትቆረጥመዋለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። አልደነገጠችም።

«ይጣፍጣል ቲቸር» አለችኝ።

ጠመኔ፣ አፈር ወይም የግድግዳ ጭቃ የሚያምረው ልጅ ብዙ ጊዜ ደም ያነሰው ልጅ መሆኑን ኮሌጅ ሳለሁ ተምሬ ነበር። ኢክራም ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መዳፏ ገርጥቷል፤ ከእረፍት በፊት ያለው ክፍለ ጊዜ ላይ ዴስኩ ላይ ትተኛለች። እናቷን ፍለጋ ጫት ተራ ወረድኩ።

እናቷ ሐሊማ ጫት ነጋዴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። ሳይነጋ በጭነት መኪና ወደ ገለምሶ መንገድ ትወጣለች፣ ከገበሬው ትረከባለች፣ ተመልሳ በሙዝ ቅጠል የሸፈነችውን ጫት ውኃ እየረጨች እስኪመሽ ትሸጣለች። መጀመሪያ አንቱ ብያት ነበር። ሳቀችብኝ። «አቦ ቲቸር፣ አንቱ ስትዪኝ ጥርሴ የረገፈ ነው የሚመስለኝ» አለች። በእኛ አገር አንቱታ ብዙም አይበረክትም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ ተባባልን።

ጤና ጣቢያ ሦስታችንም ሄድን። ነርሷ የኢክራምን የታችኛውን የዓይን ሽፋን ወደ ታች ሳብ አድርጋ አየች፤ ከጣቷም ደም ወሰደች። ደሟ በጣም ዝቅ ብሏል አለችና የብረት ክኒን ሰጠችን። አወሳሰዱን ደጋግማ ነገረችን። በባዶ ሆድ ከተወሰደ ያቅለሸልሻል፤ ስለዚህ ከምግብ ጋር። ከሎሚ ወይም ከብርቱካን ጋር ቢሆን የበለጠ ይረዳል። ከሻይ፣ ከቡናና ከሆጃ ጋር ግን በፍጹም፤ እነሱ ብረቱን አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል። ከረመዳን በኋላ ተመልሳችሁ ኑ፣ ያኔ ደሟ ካልጨመረ ሐረር ሆስፒታል እጽፍላችኋለሁ ብላ አሰናበተችን።

 ሐረር ማለት ለሐሊማ ሥራ መዝጋት ነው። የተዘጋ ቦታ ደግሞ ጫት ተራ ውስጥ አድሮ አይገኝም፤ ሌላ ሴት ትቀመጥበታለች። ኢክራምንም ከትምህርት ቤት አውጥታ ሚኤሶ አያቷ ዘንድ መላክ ሊኖርባት ነው። «ሐረር ከተጻፈልን የዚች ልጅ ትምህርት ዘንድሮ አበቃ» አለችኝ።

የሰዓቱ ነገር እንዲህ ሆነ። ሆጃን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፤ የቡና ገለባ በደንብ ተፈልቶ ወተት ይገባበታል፣ አንዳንዱ ጨው፣ አንዳንዱ ስኳር ይጨምርበታል። ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ ብዙ ቤት ጠዋት ሲነሱም ማታ ሲገቡም የሚጠጣው እሱ ነው። ኢክራምም ከጡት እንደወረደች የለመደችው እሱን ነው። ስለዚህ ከሁለቱም ሆጃዎች የሚርቀው ሰዓት የእኛ የአራት ሰዓት እረፍት ሆነ። ክኒኑን እኔ ያዝኩ። በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ መምህራን ክፍል ትመጣለች፤ ዳቦ ትበላለች፣ ክኒኗን ትውጣለች፣ ብርቱካን ትመጥጣለች። ሰገራዋ ሲጠቁር ደንግጣ እንዳታቆም አስቀድሜ ነግሬያት ስለነበር፣ ሲሆን በኩራት መጥታ አበሰረችኝ። ዴስክ ላይ መተኛቱ ቀረ። ጠመኔውም ማነሱን ተወ።

ከዚያ ረመዳን ገባ። እኔ የምጾመው ዐቢይ ጾም ቀደም ብሎ ገብቶ ስለነበር ሁለቱ ጾሞች ተገናኙ። የአራት ሰዓቱ እረፍት ሌላ ነገር ሆነ። በር ላይ ሳምቡሳ የምትጠብሰው ሴት ብረት ድስቷን ይዛ ጠፋች። ምሳ ዕቃ ሲከፈት የሚሰማው ኳኳታ ቀረ። የክርስቲያን ልጆችም እስከ ስድስት ሰዓት ይጾማሉ፤ ትንንሾቹ የሙስሊም ልጆች ደግሞ ማን ሙሉ ቀን ጾመ፣ ማን ውኃ ነካ እየተባባሉ ምላስ ያስወጣጣሉ፤ የደረቀ ምላስ ማስረጃ ነው። በዚያ ሁሉ መሀል ኢክራም ብቻዋን ወደ መምህራን ክፍል ትጠራለች።

ዳቦውን ቆይቼ እበላዋለሁ፣ ክኒኑን ቧንቧው ጋ ሄጄ እውጠዋለሁ ማለት ጀመረች። አመንኳት። አንድ ቀን ሰልፍ ላይ ሻሿ ተፈታባት፤ ልቋጥርላት ጎንበስ ስል ከጫፉ ቋጠሮ ቀያዮቹ ክኒኖች እግሬ ሥር ተዘረገፉ። ሰልፉ ካለቀ በኋላ ጥላ ሥር አስቀመጥኳትና እንደ ልማዴ ማብራራት ጀመርኩ። ሕፃን ልጅ የመጾም ግዴታ እንደሌለባት፣ የታመመም እንደሚተውለት ነገርኳት። ቁርአን ቤት የሚያስተምራት ኡስታዝም ይህንኑ ብሏት እንደነበር ከእናቷ ሰምቼ ስለነበር እሱንም ጨመርኩበት። ራሷን እየነቀነቀች አስጨረሰችኝ።

«አንቺስ ቲቸር» አለች በመጨረሻ፣ «አሁን እዚህ ሁሉም እያዩሽ ብዪ ቢሉሽ ትበያለሽ?»

 ብትታመሚ ትበያለሽ ወይ ብላኝ ቢሆን ኖሮ አዎ እላት ነበር። የጠየቀችኝ ግን እሱን አልነበረም።

በማግስቱም አፏን ገጥማ ተቀመጠች። በግድ ላደርገው አልፈለግሁም። ስለዚህ ክኒኑ ወደ ማታ ተዛወረ፤ ድካሙም እዚያ ጀመረ። ሐሊማ አብራት ተቀምጣ ክኒኑን ማስዋጥ አትችልም። በረመዳን ጫት የሚፈለገው ከመግሪብ ሶላት በኋላ ነው፤ ደንበኛው አፍጥሮ አፉን እየጠራረገ የሚመጣባት ሰዓት ናት። «ያቺ ሰዓት እንጀራዬ ናት ቲቸር፣ ወላሂ ቀና ብዬ ልጄን አላያትም» አለችኝ። ክኒኑን ለኢክራም ራሷ ሰጥተን ሞከርን። ጫት ተራ እናቷ ጎን ተቀምጣ ተምሯን ትበላለች፣ ሾርባዋን ትጠጣለች፣ ሆጃዋን ሁለት ስኒ ትደግማለች፣ ከዚያ ከማዳበሪያው ክምር ሥር ጥቅልል ብላ ትተኛለች። ክኒኑን ብታስታውሰው እንኳ በሆጃ ነው የምታወራርደው። ሆጃውን ተዪ ሲሏት ታለቅሳለች። ቀኑን ሙሉ የጾመ ሰው ያለ ሆጃ እንዴት ያፈጥራል? ተራው ሁሉ ስኒ ይዞ እሷ ብቻ ባዶ እጇን?

አንድ አመሻሽ ሎሚና የውኃ ጠርሙስ ይዤ ወረድኩ። ጠዋት አስተምሬ፣ ከሰዓት የማጠናከሪያ ትምህርት ሰጥቼ፣ እግሬ አብጧል። አብዛኛውን ጊዜ እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው እህል የምቀምሰው፤ ያን ቀን ግን ጊዜ ሳላገኝ መሸብኝ። የበልግ ዝናብ ጥሎ ስለነበር መንገዱ በጫት ቅጠልና በጭቃ ይንሸራተታል። ከድሬዳዋ በኩል የሚመጡት መኪኖች ጭቃ እየረጩብኝ ያልፋሉ። ኢክራም ጎን ማዳበሪያ ላይ ተቀመጥኩ። አዛን ሲል ተራው ጸጥ አለ፤ ፔርሙስ ተከፈተ። ሐሊማ ለሁላችን ሆጃ ቀዳችና አንዱን ስኒ ለእኔ ዘረጋችልኝ።

«ይቅርብኝ፣ ወተት አለበት» አልኳት። «ጾም ላይ ነኝ።»

ኢክራም ስኒዋን ከንፈሯ ላይ እንዳደረሰች ቆመች። «እስካሁን?»

«እስካሁን።»

«ሆጃም አትጠጪም?»

«እስከ ፋሲካ ድረስ።»

ስኒዋን አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ ስኒውን ለእናቷ መለሰችላትና እጇን ዘረጋችልኝ። ሎሚውን ጠርሙሱ ውስጥ ጨመቅኩት። እሷ ክኒኗን በሎሚ ውኃ ዋጠች፤ ጠርሙሱን ተቀብዬ እኔም ጠጣሁ።  ሐሊማ ነገሩን አይታ ሳምቡሳዋን ለሁለት ገመሰችና የምስር ነው፣ ይሆንሻል ብላ ግማሹን ሰጠችኝ።

ከዚያ ወዲህ በየማታው ወረድኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህል መቅመስ እችል ነበር፤ የሚያግደኝ አልነበረም። ግን ኢክራም ገና ስታየኝ «በልተሻል?» ብላ ትጠይቀኛለች፣ እኔም መዋሸት አልሆነልኝም፤ ስለዚህ እስከ አዛን ቆየሁ። ጫት ተራ ውስጥ የክኒኗ ቲቸር የሚል ስም ወጣልኝ። አንዱ ደንበኛ ሐሊማን፣ ይቺን አስተማሪ ጫት ልታስለምጃት ነው ወይ ብሎ ይቀልዳል። ሐሊማ የጫቱን ዛላ እያራገፈች፣ «ተዋት አቦ፣ እሷ የራሷን ይዛ ነው የምትመጣው» ትለዋለች። ርዕሰ መምህሩ ጠርቶ አስተማሪ ጫት ተራ መታየቱ ጥሩ አይደለም አለኝ። ብረት፣ ሎሚና ሆጃ እያልኩ ሁሉንም አስረዳሁት። መሀል ላይ ዓይኑ ፈዘዘና በቃ ሂጂ አለኝ። ቤቴ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ የተኛሁባቸው ሌሊቶች አሉ።

ኢድ አለፈና ጤና ጣቢያ ተመለስን። ሐሊማ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሻሿን ጠርዝ በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ነርሷ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ጨምሯል አለች። ገና ይቀረዋል፤ ክኒኑ ለጥቂት ወራት ይቀጥል፤ ሐረር ግን አያስፈልግም። ሐሊማ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ኢክራምን ጭንቅላቷን ገፋ አደረገቻት፤ ወደ እኔም ዞራ «ጋላቶሚ» ብላ አመሰገነችኝ። ከዚያ ጫቷ እንዳይጠወልግባት ባጃጅ ጠርታ ሄደች።

እኔም እፎይ አልኩ። ከነገ ጀምሮ እንደ ድሮው አራት ሰዓት ላይ ይሆናል፤ ማታ ማታ እግሬን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ እቀመጣለሁ። በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ኢክራም መምህራን ክፍል መጣች። ዳቦዋን፣ ክኒኗንና ብርቱካኗን ፊቷ ደረደርኩላት። ሳትነካው ቆመች።

«ያንቺ ጾም አልተፈታም አይደል?»

«ገና ነው። ያንቺ ግን ተፈቷል፤ ብዪ።»

ክኒኑን በጣቷ ወደ እኔ መልሳ ገፋችው። «ብቻሽን ልትሆኚ ነው እንዴ? አቦ ቲቸር፣ እስከ ፋሲካ ማታ ይሁን። እኔ እጠብቅሻለሁ።»

ያ የሚያንሸራትት ቁልቁለት፣ ጭቃው፣ መኪናው፣ ሁሉም ታየኝ። ግዴለም፣ ጤናሽ ይቀድማል ብዬ ላስረዳት አፌን ከፈትኩ። ከፍቼ ዘጋሁት። ክኒኑን ወደ ብልቃጡ መለስኩና ዳቦውን ብቻ አስበላኋት። ማታ ሎሚዬን ይዤ ወረድኩ። ቦታዬን በእጇ ጠርጋ፣ ስኒዋን ሳትነካ ጠበቀችኝ።

ይኸው ብዙ ዘመን አስተማርኩ፤ በእጄ ያለፈውን ሽሮፕና ክኒን ብዛቱን አላውቀውም። አሁንም ይደክመኛል፤ እንዲያውም ይብሳል። አንድ ነገር ግን ደጋግሜ አይቻለሁ። ልጅ መራራውን ይችላል፣ ማቅለሽለሹንም ይለምደዋል። የማይችለው፣ ሌላው ሁሉ አንድ ላይ ሆኖ እሱ ብቻ ተለይቶ መጠራቱን ነው። እናንተ ዘንድም ክኒን የሚደብቅ፣ ሽሮፑን አበባው ሥር የሚደፋ ልጅ ካለ፣ ስለ ጥቅሙ ማስረዳቱን ለአንድ ቀን አቆዩት። የሚዋጥበት ሰዓት ሲደርስ አጠገቡ ቁጭ በሉ፤ እሱ የተከለከለውን ያን ቀን እናንተም ተዉት፤ የምትጠጡትንም ውኃ ከእሱ ጠርሙስ ጠጡ። እስቲ ነገ ሞክሩት።