ወላጅ ሳታመጪ እንዳትገቢ

ባለፈው ሳምንት የሥነ ልቦና መምህራችን ስለ ቅጣት ሲያስተምሩን ድንገት ቆም አሉና «ከትምህርት ቤት ታግዶ የሚያውቅ እጁን ያውጣ» አሉን። ከየአገሩ የተሰባሰብን የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስለሆንን ገና እንተፋፈራለን፤ እርስ በርስ ተያየን። መጀመሪያ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ሳቅና ብዙ እጅ። አንዱ የታገደው ፀጉሩን ባለመቆረጡ ነው፤ ሌላዋ ዩኒፎርሟ ስላልደረቀላት በሌላ ቀሚስ ሄዳ ነው። እኔ ታግጄ ስለማላውቅ እጄን አላወጣሁም። ከዚያ በኋላ የተባለውን ግን በደንብ አልሰማሁም። ሐሳቤ ድሬዳዋ ሄዶ ነበር፤ አሥረኛ ክፍል፣ ሙና አጠገብ።

ሙና የወንበር ጓደኛዬ ነበረች። ድሬ ውስጥ ትምህርት የሚጀመረው ፀሐይ ሳትበረታ ስለሆነ በማለዳ ነበር ተጠራርተን የምንወጣው። በዚያ ሰዓት የደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ገና ቀዝቃዛ ነው። ድልድዩ አጠገብ ባጊያ የሚባለውን የጥራጥሬ ጥብስ የሚሸጡ ሴቶች ዘይታቸውን ሲያግሉ ሽታው ከሩቅ ይጠራናል። ባጊያውን ቢስባስ በሚባለው የቃሪያ ዳጣ እያጠቀስን፣ ዓይናችን እያነባ፣ እየሳቅን ትምህርት ቤት እንደርሳለን። ዛሬ በምማርበት ከተማ ባጊያ ብጠይቅ የሚያውቀው ሰው አላገኘሁም።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ አብሮ መሄዱ ቀረ። የሙና እናት ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ተቀጠረች፤ ፈረቃዋም የሌሊት ሆነ። ቤት ውስጥ ገና መሄድ የጀመረ ትንሽ ወንድም አለ። እናቱ በሠራተኞች ሰርቪስ እስክትመለስ ሙና እሱን ጥላ መውጣት አትችልም። ሰርቪሱ በጊዜ ከደረሰ ሙናም በጊዜ ትደርሳለች፤ ከዘገየ ትዘገያለች። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለማንም እንዳልናገር ደግሞ አስምላኛለች።

«እማዬ ከሰማች ሥራውን ነው የምትተወው» አለችኝ አንድ ቀን። «ስንት ጊዜ ለምና ያገኘችውን ሥራ።»

የትምህርት ቤታችን ሕግ ግልጽ ነበር። ደጋግሞ ያረፈደ ተማሪ ከበር ይመለሳል፤ ወላጅ እስኪያመጣ ድረስ ታግዷል። በሩ ላይ የሚቆሙት መምህር ታደለ የሚባሉ የዩኒት ሊደራችን ነበሩ። ከደጋ አገር ተዛውረው የመጡ፣ ሙቀቱንም፣ ሁሉንም ሰው «አንተ» የምንለውን የድሬን ልማድም ገና ያልለመዱ ሰው ናቸው። ክፉ አልነበሩም። ሕጉን ተረክበውታል፤ ሕጉን ይጠብቃሉ።

ወላጁን ማምጣት ያልቻለ ተማሪ ግን መላ ነበረው። ከትምህርት ቤቱ ማዶ ባጃጁን ጥላ ሥር የሚያቆም ከድር የሚባል ሾፌር አለ። እኛ «አብቲ» ነበር የምንለው፤ በሶማሊኛ የእናት ወንድም ማለት ነው። ይህ ስም የወጣለት በሥራው ነው። አብቲ የታገደ ተማሪ ሁሉ አጎት ነበር። ቢሮ ይገባል፣ ልጁን ይቆጣል፣ ይፈርማል፣ ይወጣል። ክፍያው በረዶ የገባበት አንድ ስፕሪስ ጁስ ነው። በሌላ ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም፤ እኛ ጋ ግን እንደ ነውር የሚያየው አልነበረም።

ሙና የታገደችው የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ሊጀመር ሲል ነው። በእገዳ ምክንያት ፈተና ያመለጠው ዜሮ ይያዝበታል። እኔ ደብተሬን እየወሰድኩ ቤቷ አስገለብጣታለሁ፤ እሷ ወንድሟን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትጽፋለች። «ዜሮ ካገኘሁ ዓመቱ አለቀ» አለችኝ ቀና ሳትል። «ከዚያ ወዲያ እቤቴ ቁጭ ብዬ እሱን ባሳድግ ይሻለኛል።» ይህን ያለችው ተረጋግታ ነው፤ መረጋጋቷ ነው ያስፈራኝ። በማግስቱ አብቲን ይዛ መጣች።

የክፍል አለቃ ስለነበርኩ በዚያ ሰዓት የስም መጥሪያውን ለመመለስ ቢሮ ነበርኩ። አብቲ ኮት ለብሶ ገባ። በድሬ ቀትር ኮት የሚለብስ ሙሽራ ብቻ ነው፤ ላቡ ከግንባሩ ጀምሮ አንገቱ ድረስ ይወርዳል። የሙና አጎት ከድር ነኝ ብሎ ጎርነን ባለ ድምፅ ሰላምታ ሰጠ። መምህር ታደለ ቀና አሉ። መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥሎ ኮቱን አዩ። ከዚያም በታላቅ ትሕትና፣

«አቶ ተስፋዬ፣ እንደምን ዋሉ?» አሉት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ አብቲ፣ ሳያስበው።

ለካ በቀደም ዕለት ዮናስ ለሚባል ሌላ የታገደ ልጅ አጎት፣ አቶ ተስፋዬ ሆኖ፣ በዚያው ኮት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ለመሆኑ አንተ የማን አጎት ነህ?» አሉት መምህር ታደለ።

«አቦ ይሄ ድሬ ነው» አለ አብቲ፣ እንግዲህ ምን ቀረኝ ብሎ ኮቱን እያወለቀ። «እዚህ አገር አጎት ያልሆነ ማን አለ?»

መምህር ታደለ አልሳቁም። ወደ ሙና ዞረው፣ ይህ ከማርፈድ የባሰ መሆኑን፣ ጉዳይዋም ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀርቦ ዓመቱን ሙሉ ልትባረር እንደምትችል ነገሯት። ሙና መሬት መሬት ታያለች። መምህር ሲናገር አቋርጬ የማላውቅ፣ «ጎበዝ» መባል የምወድ ልጅ ነበርኩ። የራሴን ድምፅ ስሰማ ደነገጥኩ።

«መምህር፣ ለምን እንደምታረፍድ እኮ ማንም አልጠየቃትም።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አሉኝ። ከዚያ ወደ ሙና ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሺ፣ ለምንድን ነው?» አሏት።

ነገረቻቸው። ስለ ፈረቃው፣ ስለ ሰርቪሱ፣ ስለ ወንድሟ፣ እናቷ እንዳትሰማ ስለ መፍራቷ። አጭር ነበር፤ ነገሩ ከዚያ የረዘመ አልነበረም። መምህር ታደለ ወደ አብቲ ዞሩ።

«አጎቷ ነኝ ብለሃል አይደል? ነገ ጠዋት ወደ እህትህ ትወስደኛለህ።»

«ሀዬ» አለ አብቲ፣ እሺ ማለቱ ነው። ከዚያን ቀን በፊት እንደዚያ አጭር መልስ ሲመልስ ሰምቼው አላውቅም።

በማግስቱ የሆነውን አብቲ ለወራት አውርቶታል፤ በየጊዜው ትንሽ ሳይጨምርበት አልቀረም። ሰርቪሱ የሚያወርድበት ቦታ ባጃጁን አቁመው ጠበቁ። ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ ሰርቪሱ የለም። መምህር ሰዓታቸውን ያያሉ፣ መንገዱን ያያሉ፣ መሐረባቸውን ያወጣሉ። የትምህርት ቤቱ መግቢያ ሰዓት ካለፈ በኋላ መጣ። የሙና እናት ሻሿ ላይ የክር ብጥስጣሽ እንደተጣበቀ ስትወርድ፣ ሙና ምልክቷን ነግራው ስለነበር አብቲ ጠቆማቸው። ከረባት ያሰረ ሰው ስሟን ሲጠራ ክው አለች።

«ልጄ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም፤ ጎበዝ ልጅ ናት» አሏት። «እርስዎን ለማነጋገር የትኛው ሰዓት እንደሚመችዎት ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ ተቀመጠች ይላል አብቲ፤ እዚያው የመንገዱ ጠርዝ ላይ።

ቀጥሎ ያለውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ክፍላችን ለበሩ ቅርብ ነው። አንደኛው ክፍለ ጊዜ ተጋምሶ ሳለ ባጃጁ ቆመ። መምህር ታደለ ወረዱ፤ እናቷን ቤት አድርሰው ያመጧት ሙና ዩኒፎርሟን ለብሳ ተከተለቻቸው። ከበሩ ውጭ ያረፈዱ ልጆች ግንቡን ተደግፈው ቆመዋል። ዘበኛው ለመምህር ትንሿን በር ከፈተላቸው። አንድ እግራቸውን አስገብተው ቆሙና ወደ ኋላ ዞሩ።

«እኔም አርፍጃለሁ» አሉት። «እነሱንም አስገባቸው።»

«ወላጅስ?» አለ ዘበኛው።

«ወላጆቻቸውን እኔ አገኛቸዋለሁ።»

ሙና ፈተናዋን ተፈተነች፤ እናቷም ሥራዋን አልተወችም። በዚያው ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብል እዋሻለሁ። መምህራኑ ብዙ ስብሰባ ተቀመጡ፤ ሥርዓት ይጠፋል፣ ትምህርት ቤቱ ገበያ ይሆናል ያሉ ነበሩ። በተወሰነ ደረጃ እውነታቸውን ነበር፤ በሩ በተከፈተ ሰሞን በስንፍና የሚያረፍድ በዛ። ስለዚህ ያረፈደ ይገባል፣ ምክንያቱን ይናገራል፣ ያለፈውን ከሰዓት በኋላ ቀርቶ ያካክሳል ተባለ። ያ ደግሞ በድሬ ሙቀት ቀላል ቅጣት አይደለም። የተደባደቡ ልጆች ከመታገድ ይልቅ ከአንድ መምህርና ከክፍል ተወካዮች ጋር ተቀምጠው ይነጋገሩ ጀመር። በፈረቃ ለሚሠሩ ወላጆች እሑድ ከሰዓት ተመደበ። ሙና ስለ ውሸቱ አንድ ወር ቤተ መጻሕፍቱን አጸዳች፤ ተገቢ ነው አለች። አብቲ ብቻ «ገበያዬን ዘጋችሁብኝ» እያለ ያማርር ነበር።

ሙና ዛሬ ጅግጅጋ ነርሲንግ ትማራለች። ያን ፈተና ባትፈተን ሕይወቷ ያበቃ ነበር ማለት አልችልም፤ ብርቱ ናት፣ ሌላ መንገድ ታገኝ ነበር ይሆናል። ታናሽ እህቴ የምትማርበት ትምህርት ቤት ደግሞ ዛሬም ያረፈደን ከበር ይመልሳል። ቢሆንም አንድ ቦታ ሲለወጥ አይቻለሁና ሌላውም ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

በቅርቡ የትምህርት ክፍል እንመርጣለን። አባቴ አካውንቲንግ ይሻልሻል ይላል፤ ጓደኞቼም እንደሱ። እኔ መምህርነትን ልሞላ ነው። ለምን ሲሉኝ ብዙ ምክንያት እደረድርላቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ አንድ መምህር የአንዲት ልጅ እናት ከሥራ እስክትመለስ መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ቆመው ሲጠብቁ የሚያሳየው ሥዕል ከልቤ ስላልወጣ ነው።